እንጨት የሚሞተው ከእግሩ ነው

ኮልፌ አጠና ተራ ላይ ባህር ዛፍ በውፍረቱና በቁመቱ እየተለየ ይደረደራል። ቀጫጭኑ ለማገር፣ ወፈር ያለው ለቋሚ፣ ረጃጅሙ ለወራጅና ለሕንፃ መወጣጫ ይፈለጋል። ገዢው እየዞረ ቀጥ ማለቱን፣ ጫፉ አለመሰንጠቁን፣ ቅርፊቱ በደንብ መላጡን ያያል፤ በዋጋ ይከራከራል፤ ያስጭናል። እንጨቱ በጋሪ፣ በአይሱዙ ወይም በሰው ትከሻ ወደ አየር ጤና፣ ወደ ቤተል፣ ወደ ዓለም ባንክ፣ ወደ ወይራ ሰፈር ይሄዳል። ጉድጓድ ተቆፍሮለት ይተከላል፣ አፈር ይረገጥበታል፣ ማገር ይመታበታል፣ ቆርቆሮ ይለብሳል። ከጥቂት ክረምት በኋላ ያው አጥር ወደ መንገዱ አዘንብሎ ይገኛል። ቆርቆሮው ቢዝግም አልተበሳም። የቋሚው ገላ ግራጫ ሆኗል፣ ቁመቱን ተከትሎ ተሰነጣጥቋል፤ ሲያንኳኩት ግን ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ ሚስማርም በቀላሉ አያስገባም። የተሰበረው ከአፈሩ ጋር በተገናኘበት አንድ ስንዝር ላይ ነው። ከዚያ በላይ ሁለት ሜትር ጤነኛ እንጨት አለ፤ ከዚያ በታች ገና መንቀል የሚያስቸግር ጉቶ አለ፤ መካከሉ በጣት የሚፈረፈር ሆኗል።

ይህን የማያውቅ የሰፈሩ ነዋሪ የለም። ምክንያቱ ሲነሳ ግን አብዛኛው ሰው ወደ ላይ ያያል። ፀሐይ ጨረሰው፣ ዝናብ በላው፣ የዛሬ እንጨት እንደ ድሮው አይደለም ይባላል። መፍትሔውም ከዚያው ይቀዳል፤ ቀለም ይቀባል፣ ቫርኒሽ ይደረባል፣ የተቃጠለ ዘይት ይፈስበታል፣ አቅም ያለውም ከነጭራሹ ወደ ብረት ይዞራል። በዚህ ጽሑፍ የምሟገትለት ሐሳብ ከዚህ የተለየ ነው። ውጭ የቆመ እንጨት ዕድሜ ከዝናቡ ብዛትና ከፀሐዩ ብርታት ይልቅ የሚወሰነው፣ የረጠበው ቦታ እስኪደርቅ ስንት ቀን እንደሚፈጅበት ነው። ያ ቦታ ደግሞ ሁልጊዜ የታወቀ ነው፤ የእንጨቱ እግር፣ አናቱና መጋጠሚያው። ገንዘባችንን የምናፈሰው ግን ገላው ላይ ነው።

ከፀሐዩ እንጀምር፤ ክሱ የሚበዛበት እሱ ነውና። እንጨት በዋናነት ከሴሉሎስ ጭረቶችና እነሱን አጣብቆ ከያዘው ሊግኒን የተሠራ ነው። የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር የሚሰብረው ይህን ማጣበቂያ ነው። የተሰበረውን ሊግኒን ዝናብ ያጥበዋል፤ ፈዛዛው ሴሉሎስ ላዩ ላይ ይቀራል፤ ጥቃቅን ሻጋታ ይሰፍርበትና እንጨቱ ግራጫ ይሆናል። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ ብዙም ያልራቀች፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ አልትራቫዮሌቱ 10 በመቶ ያህል እየጨመረ ስለሚሄድ፣ የኮልፌ እንጨት የሚደርስበት ጨረር የብዙ አገር እንጨት የማያውቀው ነው። ግን ይህ ሁሉ ጨረር ወደ ውስጥ ምን ያህል ይዘልቃል? ከአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ እንኳ አይሞላም። የረጅም ጊዜ ልኬቶች እንደሚያሳዩት፣ እንደ ጥድ ያለ ለስላሳ እንጨት በፀሐይና በዝናብ ተሸርሽሮ የሚያጣው ውፍረት በመቶ ዓመት ስድስት ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ጠጣር እንጨት ከዚያም ያንሳል። የእኛን ከፍታ አስበን ቁጥሩን በእጥፍ ብናሳድገው እንኳ፣ አሥር ዓመት የቆመ አጥር ከገላው የሚያጣው ከአንድ ሚሊ ሜትር ብዙም አይበልጥም። ግራጫነት የእንጨት ሽበት እንጂ በሽታው አይደለም።

ይህን ስል ፀሐዩን ነፃ ማውጣቴ አይደለም። ትልቁ ጉዳቱ ግን ቀለም በመንጠቁ ሳይሆን በማሰንጠቁ ነው። ከጥቅምት እስከ ጥር የአዲስ አበባ ሌሊት ይቀዘቅዛል፣ ቀኑ ደግሞ ደረቅና ብሩህ ነው። በእርጥብነቱ የተተከለ ባህር ዛፍ ላዩ ቶሎ ይደርቅና ይኮማተራል፤ ውስጡ ገና እርጥብ ስለሆነ አብሮት አይኮማተርም፤ ላዩ ይሰነጠቃል። ባህር ዛፍ በዚህ ረገድ ከሌሎች ዛፎች የባሰ ነው። ስንጥቁ በበጋ ተከፍቶ ይጠብቃል፣ ክረምት ሲገባ ውኃ ይቀበላል። ስለዚህ ፀሐዩ በራሱ አይገድልም፤ ለገዳዩ በር ይከፍታል። ከስንጥቁ የገባው ውኃ ወርዶ ከወጣ፣ ነፋስም ካገኘው፣ እንጨቱ ምንም አይሆንም። ወርዶ አፈር ውስጥ ከተጠራቀመ ግን ሌላ ታሪክ ይጀመራል።

እንጨትን የሚያበሰብሱት ፈንገሶች ናቸው። ዘራቸው በአየር ላይ የማይጠፋ በመሆኑ ከእነሱ መሸሽ አይቻልም፤ መከልከል የሚቻለው ውኃቸውን ነው። አንድ ኪሎ ፍጹም ደረቅ እንጨት 200 ግራም ውኃ ከያዘ እርጥበቱ 20 በመቶ ነው ይባላል። ከዚህ በታች የሚያበሰብስ ፈንገስ አይሠራም። በደንብ የሚሠራው ወደ 30 በመቶ ሲጠጋና ሲያልፍ ነው፤ የእንጨቱ ህዋሳት ግድግዳ በውኃ ጠግቦ ትርፉ በክፍተቶቹ ውስጥ ሲተኛ ማለት ነው። አሁን ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር ይመጣል። በሐምሌና በነሐሴ፣ ልብስ በማይደርቅበት ጊዜ፣ የአዲስ አበባ አየር እርጥበት ወደ 80 በመቶ ይደርሳል። በእንዲህ ያለ አየር ውስጥ ያለ፣ ውኃ ግን በቀጥታ ያልነካው እንጨት የራሱ እርጥበት 16 በመቶ አካባቢ ላይ ይቆማል። በበጋ ደግሞ ወደ 9 በመቶ ይወርዳል። በሌላ አነጋገር የክረምቱ አየር ብቻውን፣ የቱንም ያህል ቢከብድ፣ አንድም ምሰሶ አያበሰብስም። የሚያበሰብሰው ነክቶት ያልሄደ ውኃ ነው። በአንድ ግቢ ውስጥ በረንዳው ሥር ያለው ቋሚ ሲኖር፣ አጥሩ ላይ ያለው የሚወድቀው ለዚህ ነው፤ ሁለቱም ከአንድ ጭነት የወረዱ ሊሆኑ ይችላሉ።

እርግጥ የከተማችን አየር ጠባይ ለእንጨት የዋህ አይደለም። በዓመት ከሚጥለው 1,100 እስከ 1,200 ሚሊ ሜትር ዝናብ 70 በመቶ የሚሆነው ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ይወርዳል፤ በሐምሌና በነሐሴ ዝናብ የማይጥልበት ቀን ጥቂት ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 ቴዎዶር ሼፈር የተባለ አሜሪካዊ የእንጨት ተመራማሪ፣ የአንድን ቦታ ወርሃዊ ሙቀትና የዝናብ ቀናት ብዛት አጋጥሞ ከመሬት በላይ ያለ እንጨት የመበስበስ ስጋቱን በአንድ ቁጥር የሚገልጽ ቀመር አውጥቷል። በዚህ ቀመር ከ35 በታች ዝቅተኛ፣ ከ65 በላይ ከፍተኛ ስጋት ይባላል። የአዲስ አበባን አማካይ አኃዞች ብናስገባበት ውጤቱ ከ65 በግልጽ ያልፋል። ትኩረት የሚገባው ግን ቁጥሩ የሚመነጨው ከየትኛው ወር እንደሆነ ነው፤ ከሰኔ እስከ መስከረም ያሉት አራት ወራት የድምሩን ሦስት አራተኛ ያህል ይይዛሉ፣ ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ድርሻ ከምንም አይቆጠርም። ይህ ለእኛ ትልቅ ዕድል ነው። ዓመቱን ሙሉ በሚዘንብበት አገር የረጠበ እንጨት የሚደርቅበት ጊዜ የለውም። የእኛ እንጨት ግን በየዓመቱ ረጅም የበጋ ዕረፍት አለው። ዕረፍቱን የሚያጣው እኛ እርጥበት በማይለቅ አፈር ውስጥ ስንቀብረው ብቻ ነው።

አፈሩ ላይ እንቆይ፤ የነገሩ ሁሉ ማሠሪያ እዚህ ነውና። ፈንገስ ከውኃ ሌላ አየርም ይፈልጋል። ጥልቅ አፈር ውስጥ ውኃ አለ፣ አየር ግን ያንሳል፤ ጉቶው ለመንቀል የሚያስቸግረው ለዚህ ነው። ከመሬት በላይ አየር ሞልቷል፣ ውኃው ግን ይደርቃል። ሁለቱም በአንድነት የሚገኙት በአፈሩ አፍ ላይ፣ ከላይና ከታች አንድ ስንዝር በሚያህል ክልል ውስጥ ነው። በዚያ ላይ የእንጨቱ አፈጣጠር ይጨመርበታል፤ ውኃ በእንጨት ውስጥ በቁመት የሚሄድበት ፍጥነት በጎን ከሚሄድበት ከአሥር እጥፍ በላይ ነው። በመጋዝ ተቆርጦ ወደ አፈር የገባው ጫፍ ክፍት አፍ ነው፣ ውኃውን ከሥር ይስበዋል። ሰማይን የሚያየው ሌላኛው ጫፍም እንዲሁ ከላይ ይጠጣል። በኮልፌ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ክፍለ ከተማው ተዳፋትና ሸለቆ የበዛበት፣ ጅረቶቹ ወደ ትንሹ አቃቂ የሚወርዱበት አካባቢ ነው። ጎርፍ በየክረምቱ ደለል እየገፋ በአጥሩ ግርጌ ይከምራል፤ የውስጥ ለውስጥ መንገድ በኮብልስቶን ወይም በአስፋልት ሲሠራ የመንገዱ ወለል ከግቢው ከፍ ይላልና ውኃው ፊቱን ወደ አጥሩ ያዞራል። መጀመሪያ ከአፈሩ በላይ የነበረው እንጨት፣ ማንም ሳይቀብረው፣ በጥቂት ዓመት ውስጥ ተቀብሮ ይገኛል። የቆርቆሮው ጫፍም አብሮ ይቀበርና እርጥበቱን ከነፋስ ይጋርደዋል።

እዚህ ላይ የመጀመሪያውና ጠንካራው መቃወሚያ ይነሳል፤ ችግሩ የእንጨቱ ዓይነት ነው የሚል። ጥድና ወይራ በቀላሉ አይበሰብሱም፣ ባህር ዛፍ ግን ከመጀመሪያውም ለዚህ ሥራ አልተፈጠረም ይባላል። ከፊሉ እውነት ነው። የሀበሻ ጥድ በውስጡ ፈንገስና ምስጥ የሚጠሉት ዘይት ስላለው ከመሬት ጋር ተገናኝቶም ረጅም ዕድሜ ያለው እንጨት ነው። ከኮልፌ በስተምዕራብ በወጨጫ ተራራ ላይ ያለው የመናገሻ ሱባ ደን፣ በትውፊት አፄ ዘርዐ ያዕቆብ ከወፍ ዋሻ ዘር አስመጥተው አስተከሉት የሚባለው፣ የዚሁ ጥድ መኖሪያ ነው። ነገር ግን ይህ መልስ ዛሬ በር የለውም። አዋጅ ቁጥር 94/1986 ጥድን፣ ዝግባን፣ ኮሶንና ዋንዛን በስም ጠቅሶ ከደን እንዳይቆረጡ ከልክሎ ነበር፤ የከለከለውም ስላለቁ ነው። ባህር ዛፍ የመጣውም እንጨት ስላለቀ ነው። አፄ ምኒልክ በማገዶና በግንባታ እንጨት እጥረት ምክንያት ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከ መነሳት ደርሰው ነበር። በ1880ዎቹ ማብቂያ ዝርያው ከአውስትራሊያ የመጣው ይህ ፈጥኖ አዳጊ ዛፍ እንጦጦን ካለበሰ በኋላ አዲስ አበባ በቦታዋ ጸናች። ከተማዋን ያቆመ ዛፍ ለአጥር አይሆንም ብሎ መናቅ ፍትሐዊ አይመስለኝም።

የባህር ዛፍ አገር የሆነችው አውስትራሊያ የየእንጨቱን ዕድሜ በደረጃ መድባለች። እኛ ነጭ ባህር ዛፍ የምንለው ዓይነት ልቡ መሬት ውስጥ ሲቀበር ከ5 እስከ 15 ዓመት፣ ከመሬት በላይ ሲሆን ደግሞ ከ15 እስከ 40 ዓመት እንደሚቆይ ይገመታል። ቀይ ባህር ዛፍ ከዚህ የተሻለ ነው። አንድ ዓይነት እንጨት፣ ቦታው ብቻ ተለውጦ፣ ዕድሜው ወደ ሦስት እጥፍ ይለያያል። በዚሁ ምደባ መሠረት የማንኛውም ዛፍ የዳር ክፍል፣ ገና ውኃ ያመላልስ የነበረው ፈዛዛው ቀለበት፣ መሬት ውስጥ ከ5 ዓመት በላይ አይጠበቅም። አጠና ተራ የሚመጣው እንጨት በአብዛኛው በጥቂት ዓመቱ የተቆረጠ ወጣት ነው፤ ጠቆር ያለ ልብ ለመሥራት ጊዜ አላገኘም፣ ገላው ከሞላ ጎደል የዳር እንጨት ነው። የአጥሩ ቋሚ ቶሎ መውደቁ እንግዲህ የባህር ዛፍ ጥፋት ሳይሆን የዕድሜው ነው። ወጣት ጥድ እንዲህ ቢቀበርም የዳር ክፍሉ ያው ነበር የሚሆነው።

ከዓይነት ይልቅ አቀማመጥ እንደሚበልጥ የሚያሳይ ከዚህ የጠራ ማስረጃ ያለው ጃፓን ውስጥ ነው። በናራ አጠገብ ያለው የሆርዩጂ ቤተ መቅደስ ሒኖኪ ከተባለው የአገሩ ጥድ ተሠርቶ 1,300 ዓመት ገደማ ቆሟል፤ ምሰሶዎቹ በድንጋይ ላይ ያረፉ፣ ክዳኑ ሰፊ ታዛ ያለው ነው። የኢሴ መቅደስም ከዚሁ ከሒኖኪ ይሠራል፤ ምሰሶዎቹ ግን በቀጥታ አፈር ውስጥ ይተከላሉ፣ መቅደሱም በየ20 ዓመቱ እንደ አዲስ ይሠራል። የመጨረሻው እድሳት እ.ኤ.አ. በ2013 ነበር። የኢሴ እድሳት ሃይማኖታዊ ትርጉም ያለው ሥርዓት ስለሆነ መበስበስ ብቻውን ምክንያቱ ነው ማለት አይቻልም። ሆኖም ሁለቱን ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው፣ ድንጋይ ላይ መቆምና አፈር ውስጥ መግባት ለአንድ ዓይነት እንጨት ምን ያህል የተለያየ ዕጣ እንደሆነ ያያል። በኖርዌይም ታሪኩ ተመሳሳይ ነው፤ ምሰሶዎቻቸው መሬት ውስጥ የተተከሉት የጥንት የእንጨት አብያተ ክርስቲያናት በስብሰው ጠፉ፣ በድንጋይ ላይ ባረፈ ጠርዝ የቆሙት እንደ ቦርጉንድ ያሉት ግን 800 ዓመት አልፏቸዋል። የኖርዌይ ብርድ ፈንገሱን ማዘግየቱን፣ ቅጥራን መቀባታቸውንም አልዘነጋም። ብርዱም ቅጥራኑም ግን ለሁለቱም ዓይነት የነበረ ነው።

ወደ ቤታችን ስንመለስ ይምርሐነ ክርስቶስ አለ። ከላሊበላ ብዙም ሳይርቅ በትልቅ ዋሻ ውስጥ የተሠራው ይህ ቤተ ክርስቲያን እንጨትና ድንጋይ በንብርብር ተፈራርቀውበት ከዛጉዌ ዘመን ጀምሮ 900 ዓመት ገደማ ቆይቷል። ዋሻው ለእንጨቱ ያደረገለት አንድ ነገር ነው፤ ዝናብ አላስነካውም። የገጠሩ ክብ ቤተ ክርስቲያን ዋሻ የለውም፤ በምትኩ ክዳኑን አስረዝሞ ሰፊ ታዛ ይሠራል፣ የቅኔ ማሕሌቱን ዓምዶች በታዛው ሥር በድንጋይ ወለል ላይ ያቆማል። የድሮ አናጢ ስለ ፈንገስ አልተማረም፤ ውኃ የት እንደሚወድቅና በየት እንደሚሄድ ግን አጥርቶ ያውቅ ነበር። ይህን ዕውቀት ያጣነው ቆርቆሮ ሲመጣ ይመስለኛል። የሳር ክዳን ያለ ሰፊ ታዛ አይሆንም ነበር፤ ቆርቆሮ ግን በአጭሩ ሊቆረጥ ይችላል፣ ስለሚወደድም አጥሮ ይቆረጣል። ከአጭር ክዳን የሚወርደው ውኃ፣ አሸንዳ ከሌለው፣ ከግድግዳው ግርጌ ላይ ይፈርጥና ጭቃ ይዞ ተመልሶ ይረጫል። የጀርመን የእንጨት ጥበቃ ደረጃ፣ ዲን 68800፣ ውጭ ያለ እንጨት ከመሬት 30 ሴንቲ ሜትር ከፍ እንዲል የሚጠይቀው ይህን ፍንጣሪ አስልቶ ነው፤ መሬቱ ላይ ጠጠር ከተነጠፈ 15 ይበቃል ይላል።

የአዲስ አበባ አብላጫው አሮጌ ቤት ከእንጨትና ከጭቃ የተሠራ በመሆኑ ነገሩ ከአጥር ያልፋል። ጭቃና ጭድ ለእንጨት ጥሩ ልብስ ነው፤ የወሰደውን እርጥበት መልሶ ለአየር ይሰጣል። ቤቱ ሲያረጅ ግን መልክ እንዲኖረው በሲሚንቶ ይለሰናል። ሲሚንቶ ከጭቃው ጋር አብሮ አይንቀሳቀስምና ይሰነጠቃል፤ በስንጥቁ የገባው ውኃ ከጀርባው ታስሮ ይቀራል። ከውጭ ያማረ ግድግዳ ከውስጥ ቋሚው ያለቀ ሆኖ የሚገኘው እንዲህ ነው። የኪራይ ሁኔታውም ድርሻ አለው። በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ትርፍ ቤቶች ከተወረሱ በኋላ የቀበሌ ቤት ተከራይ የሚከፍለው ኪራይ ለጥገና የማይበቃ፣ ቤቱም የራሱ ያልሆነ ነው። ለሚታየው ልስን አዋጥቶ ለማይታየው ግርጌ ድንጋይ እንዲገዛ መጠበቅ ከባድ ነው። ይህን የምለው ተከራዩን ለመውቀስ አይደለም፤ ግርጌው ላይ የሚወጣ ትንሽ ወጪ የማን እንደሆነ ግልጽ ባልሆነበት ቦታ እንጨቱ ቀድሞ እንደሚከፍል ለማመልከት ነው።

ሁለተኛው መቃወሚያ ቀለምና መድኃኒት ነው። ቀለም ጨረሩን ይከላከላል፣ ዝናቡንም ያንሸራትታል፤ ገላውን ያሳምራል። እግሩ ላይ ግን ከአፈር ጋር እየታሸ አይቆይም፤ በስንጥቅ የገባውን ውኃም እንዳይወጣ ያፍነዋል። የተቃጠለ ዘይት የውኃውን መግባት ለጥቂት ጊዜ ያዘገያል እንጂ ፈንገሱን አይገድልም፤ እንጨቱ በበጋ አዲስ ስንጥቅ ሲያወጣ ዘይቱ ያልነካው ውስጡ ይጋለጣል። ከሞተር የወጣ ዘይት ከባድ ብረታ ብረት የያዘ ነውና፣ ታጥቦ የሚሄደው ወደ ጅረቱና ወደ ጓሮ አትክልቱ ነው፤ በዚህ ምክንያት ብቻ እንኳ ልማዱ ቢቀር እመርጣለሁ። እግሩን በእሳት መለብለብም አለ። ከሰል ራሱን ፈንገስ አይበላውም፤ ሆኖም የከሰሉ ሽፋን ስስና የተሰነጣጠቀ ስለሆነ ከሥሩ ላለው እንጨት አጥር አይሆነውም። በእውነት የሚሠራው በግፊት ወደ ውስጥ የሚገባ መድኃኒት ነው። እንግሊዛዊው ጆን ቤቴል እ.ኤ.አ. በ1838 ክሪዮዞት የተባለውን የእንጨት መድኃኒት በግፊት የማስገባት ዘዴ አስመዘገበ፤ ሕንዳዊው ሶንቲ ካሜሳም እ.ኤ.አ. በ1933 የመዳብ፣ የክሮምና የአርሰኒክ ድብልቁን አገኘ፤ የኤሌክትሪክ ምሰሶ የቆመው በእነዚህ ነው። የሚገርመው ደካማው የዳር እንጨት መድኃኒቱን እንደ ልብ የሚጠጣ መሆኑ ነው፤ ጠንካራው ልብ ግን አያስገባውም። ወጣት ባህር ዛፍ በፋብሪካ ቢታከም ጥሩ ምሰሶ የሚወጣውም ለዚህ ነው። አርሰኒክ ግን መርዝ ነው፤ አሜሪካና አውሮፓ ከመኖሪያ ቤት አካባቢ ካገዱት ሃያ ዓመት አልፏል። በየግቢው በብሩሽ ለመቀባት የሚታሰብ ነገር አይደለም።

ሦስተኛው፣ ሲሚንቶ ውስጥ ቀብሬዋለሁ ስለዚህ አፈር አይነካውም የሚለው ነው። ይህ ብዙ ሰው በቅን ልቦና ገንዘቡን የሚያጠፋበት ስህተት ይመስለኛል። እንጨቱ ሲደርቅ ይኮማተርና በእሱና በኮንክሪቱ መካከል ቀጭን ክፍተት ይፈጠራል፤ ውኃ ይገባል፣ መውጫ ግን የለውም። የኮንክሪቱ አንገት ከመሬት በታች ከሆነ ደግሞ ጽዋ ሆኖ ያጠራቅማል። ሲሚንቶው የሚጠቅመው እንጨቱ በውስጡ ሳይሆን በላዩ ሲቆም ነው። ብረት ይሻላል ለሚለውም፣ ብረት ይዝጋል፤ የሚዝገውም እዚያው አፈሩ አፍ ላይ፣ በዚያው በውኃና በአየር መጋጠሚያ ነው። ዕቃው ሲለወጥ ቦታው አይለወጥም። ለኤሌክትሪክ ምሰሶ ኮንክሪት መመረጡን አልቃወምም፣ እዚያ የሰው ሕይወት አለ። ለግቢ አጥር፣ ለበረንዳ፣ ለጓሮ ማድ ቤት ግን ባህር ዛፍ ርካሽ ነው፣ ዙሪያችን ይበቅላል፣ ብዙ ሰው ያስተዳድራል።

የቀረው የዋጋ ጥያቄ ነው፤ ይህ ሁሉ ለሀብታም ነው የሚል። ዝርዝሩን ስናይ እንዲያ አይደለም። እንጨቱን ቅርፊቱን ልጦ፣ ከመሬት አንሥቶ በጥላ ሥር ለተወሰኑ ወራት ማድረቅ ቦታና ትዕግሥት እንጂ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ደርቆ የተተከለ እንጨት ስንጥቁን ከመተከሉ በፊት ይጨርሳል። አናቱን በሰያፍ ቆርጦ የቆርቆሮ ቁራጭ ማልበስ የአንድ ሚስማር ሥራ ነው። የአጥሩን ቆርቆሮ ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ አድርጎ መምታት እንዲያውም ቆርቆሮ ይቆጥባል። በየክረምቱ መውጫ የግርጌውን ደለል መጥረግ አካፋ ብቻ ይፈልጋል። ገንዘብ የሚጠይቀው የቋሚው እግር ነው፤ ከመሬት ወጣ ያለ የኮንክሪት ወይም የድንጋይ ራስ፣ በእሱ ላይ የተቀበረ ሁለት የብረት ጥፍጥፍ፣ እንጨቱን በመካከላቸው የሚይዝ ብሎን፣ ከሥሩም ውኃ የማያቁር አንድ ጣት የሚያህል ክፍተት። አጥር ነፋስ ስለሚገፋው ጥፍጥፉ ጠንካራ፣ የኮንክሪቱም ሥር ጥልቅ መሆን አለበት፤ ይህ ሳይሟላ ድንጋይ ላይ ማስቀመጥ ብቻውን አጥሩን ይጥለዋል። ወጪው አንዴ ነው የሚወጣው፤ እንጨቱ ሲያረጅ ብሎኑ ይፈታል፣ ሌላ ቋሚ ይገባል፣ ጉድጓድ አይቆፈርም። ዛሬ የወደቀውንም አጥር ማገዶ ማድረግ አያስፈልግም። የበሰበሰው አንድ ስንዝር ተቆርጦ ሲጣል ከላዩ ያለው ሁለት ሜትር አሁንም ደረቅና ጠንካራ እንጨት ነው፤ የቁመቱ ጉድለትም በሚቆምበት የኮንክሪት ራስ ይካካሳል።